የወንዙን ስም መልሱ

ጉግል ላይ «ኢቦላ» ብላችሁ ጻፉ። የሚመጣላችሁን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ከራስ እስከ እግር በመከላከያ ልብስ የተሸፈኑ ሰዎች፣ በማይክሮስኮፕ የተነሳ የተጠማዘዘ ክር መሳይ ነገር፣ የሟቾች ቁጥር። አሁን ደግሞ «ኢቦላ ወንዝ» ብላችሁ ሞክሩ። ጥቂት አንቀጾች ታገኛላችሁ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ቫይረሱ ነው። ወንዙ በገዛ ስሙ ገጽ ላይ እንግዳ ሆኗል።

ወንዙ ግን አለ። ዛሬም ይፈሳል። ከቫይረሱ በፊት ስም ነበረው፣ በዳሩም ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም አሉ።

ይሄ ጽሑፍ የሚሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ ስሙ ለወንዙ ይመለስ። ጉዳዩ የስሜት ብቻ አይደለም። ስሙ የተሰጠው በተሳሳተ መረጃ ነው። የስሙ ባለቤቶች አልተጠየቁም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሙ የዚያ ወረርሽኝ ትክክለኛ መንስኤ እንዳይታየን አድርጓል። በየተራ እንያቸው። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለግባላ

በዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ሰሜናዊ ክፍል፣ በዝናብ ደኑ ውስጥ፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ወንዝ አለ። የንግባንዲ ቋንቋ ተናጋሪዎች «ለግባላ» ይሉታል። ትርጉሙ «ነጭ ውሃ» ወይም «ንጹሕ ውሃ» ነው። «ኢቦላ» የሚለው ይሄው ቃል በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አፍ ሲጣመም የወጣ ነው። ማለትም «ኢቦላ» ራሱ የተበላሸ ቅጂ ነው።

ለግባላ የሞንጋላ ወንዝ መነሻ ነው። ሞንጋላ ደግሞ ወደ ታላቁ ኮንጎ ይገባል። ኮንጎ ከአማዞን ቀጥሎ በዓለም ብዙ ውሃ የሚያፈስ፣ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ የሚያቋርጥ ወንዝ ነው። በዚህ አካባቢ ወንዝ መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ ጓዳም ነው። ሰው በታንኳ ይሄዳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ካሳቫ ይተክላል፣ ከዘንባባ ዘይት ያወጣል።

ቋንቋውም እንደ ወንዙ የሚጓዝ ነው። ንግባንዲ በኡባንጊ ወንዝ ንግድ ላይ ከቦታ ቦታ ሲዞር ከእሱ ሳንጎ የሚባል ቋንቋ በቀለ። ሳንጎ ዛሬ የማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ብሔራዊ ቋንቋ ነው። «ከዓለም የተነጠለ፣ ማንም የማያውቀው ጫካ» እየተባለ የሚወራለት አካባቢ ለጎረቤት አገር የጋራ መግባቢያ አበርክቷል። በደቡብ በኩል ደግሞ በኮንጎ ወንዝ የንግድ ጣቢያዎች ላይ ያደገው ሊንጋላ አለ፤ በኪንሻሳ ዘፈን ጆሮአችን የለመደው።

ዓለም ስለዚህ ተፋሰስ የሰማው በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ዘመን፣ «የኮንጎ ነፃ መንግሥት» ተብሎ በተሾፈበት ጊዜ፣ የሞንጋላ ተፋሰስ ለአንድ የአንትወርፕ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር። ኩባንያው የሚፈልገው የጎማ ሙጫ ነበር። ኮታውን ያልሞላ መንደር ይታገታል፣ ይገረፋል፣ ይገደላል። በ1900 ገደማ የሞንጋላ ግፍ በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ወጥቶ ቅሌት ሆነ። የቡጃ ሰዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ተነሡ፣ ለዓመታት ተዋጉ።

ይሄን ታሪክ የማነሳው ለከንፈር መምጠጫ አይደለም። በዚያ ምድር ላይ በውጭ ሰው የሆነው ነገር በውጭ ሰው ስም አልተጠራም። «የአንትወርፕ በሽታ» የሚል ቃል የለንም። ከዚያ ምድር ወጣ የተባለው ክፉ ነገር ግን በምድሩ ስም ተጠራ። ልዩነቱን ያዙልኝ።

ካርታው ላይ የነበረው ወንዝ

በ1976 ክረምት ማብቂያ ላይ ያምቡኩ በምትባል መንደር አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ትኩሳት ይዞት ወደ ሚስዮኑ ሆስፒታል ሄደ። ወባ መሰላቸው፤ የክሎሮኪን መርፌ ወጉት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት 318 ሰዎች ታመሙ፣ 280ው ሞቱ።

ከኪንሻሳ፣ ከቤልጅየም፣ ከአሜሪካ፣ ከፈረንሳይ የተውጣጣ ቡድን ተሰበሰበ። አንድ ምሽት ስም የማውጣት ጉዳይ ተነሳ። «የያምቡኩ ቫይረስ» እንዳይሉት ፈሩ። በ1969 ናይጄሪያ ውስጥ የተገኘው ቫይረስ በላሳ ከተማ ስም ተጠርቶ ከተማዋ ላይ ያመጣውን መገለል ያውቃሉ። የቡድኑ መሪ አሜሪካዊው ካርል ጆንሰን «በወንዝ እንሰይመው» የሚል ሐሳብ አመጡ። ግድግዳ ላይ ትንሽ ካርታ ነበረች። ለያምቡኩ ቅርብ የመሰለው ወንዝ «ኢቦላ» የሚል ተጽፎበታል። በሊንጋላ «ጥቁር ወንዝ» ማለት ነው ተባለ። በቃ፣ ጸደቀ።

ይሄን የምናውቀው ከቡድኑ አባላት አንዱ ከነበሩት ከቤልጅየማዊው ፒተር ፒዮት ነው። ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበሩ። በ2012 ባሳተሙት ማስታወሻቸው ላይ ሁሉንም በግልጽ ጽፈውታል። የስሙ ትርጉም ለጉዳዩ የሚመጥን አስፈሪ ድምፅ ያለው መስሎ እንደታያቸው ሳይቀር። ኋላ ላይ ደግሞ ካርታዋ ትክክል እንዳልነበረች፣ ኢቦላ ለያምቡኩ ቅርብ የሆነው ወንዝ እንዳልሆነ ታወቀ። ስሙ ግን ቀረ።

እስቲ በዝግታ እንየው። ወንዙ ቅርብ አይደለም። «ጥቁር» የተባለው ወንዝ በባለቤቶቹ ቋንቋ «ነጭ ውሃ» ነው። ከዳሩ የሚኖር አንድም ሰው አልተጠየቀም። ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው፤ እኛ ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ፦ በዚህ ሙያ ከባዱ ነገር ለነገሮች ስም ማውጣት ነው ይባላል። ቀልዱ እውነት አለው። በተሳሳተ ፋይል ስም የተመዘገበ ችግር ለዓመታት ሰውን የተሳሳተ ቦታ ሲያስፈልግ ይኖራል። ስም መለያ ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ፈልጉ» የሚል ቀስት ነው።

ቀስቱ የሸፈነው ነገር

እና ይሄ ቀስት ወዴት ነው የጠቆመው? ወደ ውሃው፣ ወደ ደኑ፣ ወደ «ጨለማው አፍሪካ»። የያምቡኩን እውነት ግን ወንዝ ዳር አታገኙትም፤ የምታገኙት በአንድ የብረት ሳህን ላይ ነው።

በያምቡኩ ሆስፒታል ለተመላላሽ ሕክምና ክፍል በየጠዋቱ የሚሰጠው 5 መርፌ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሚመጣው ሕመምተኛ በሙሉ 5። በሰውና በሰው መካከል አይቀቀልም፤ ለቅለቅ ይደረግና ወደሚቀጥለው ክንድ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በሽታውን ያገኙት በመርፌ መሆኑን አሳይቷል። ከሆስፒታሉ 17 ሠራተኞች 11ዱ ሞቱ። ሆስፒታሉ ሲዘጋ ወረርሽኙ መክሰም ጀመረ።

ልክ ነው፣ ቫይረሱ ራሱ ከደን እንስሳ ወደ ሰው እንደተሻገረ ይታመናል፤ የሌሊት ወፎች ይጠረጠራሉ። ከእንስሳ መሻገሩ ግን አንድ ነገር ነው፣ 318 ሰው ማሳመሙ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን የሠራው በጀት ነው፣ የመርፌ እጥረት ነው፣ ትልቅ ሀብት ያለው አገር ለገጠር ሆስፒታሉ የሰጠው ቦታ ነው። የሚገርመው ያገሪቱ ፕሬዚዳንት ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ የዚያው አካባቢ ሰው፣ ንግባንዲ፣ መሆናቸው ነው።

አንድ ሲስተም ሲወድቅ የሚያሳፍር ነገር ካለ፣ የመጀመሪያው ፈተና ጥፋቱን ወደ ማይናገር አካል ማዞር ነው። «ሰርቨሩ ነው»፣ «ኔትወርኩ ነው»። ወንዝም አይናገርም። ስለዚህ በስሙ ተጠራ፣ መርፌው ተረሳ። ዛሬ «ኢቦላ» ሲባል ጫካ የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ 5 መርፌ የሚታየው ስንት ነው?

የሰው ስምም ተሸፍኗል። ዣን ዣክ ሙየምቤ የሚባሉ ኮንጎአዊ ሐኪምና ተመራማሪ አሉ። ከውጭው ቡድን በፊት ያምቡኩ የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ያለ ጓንት ደም ቀዱ፤ መርፌው ከወጣ በኋላ ደሙ አልቆም ሲል አዩ፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ቀጠሉ። የታመመች አንዲት መነኩሲትን አሳምነው ይዘዋት ወደ ኪንሻሳ ተመለሱ። ወደ አንትወርፕ በፔርሙስ የተላከው ደም የእሷ ነው። ለአሥርት ዓመታት ግን «ኢቦላን ማን አገኘ?» ሲባል የሚጠራው ስም የአውሮፓዊ ነበር።

ሙየምቤ አልቆሙም። በ1995 ኪክዊት ላይ በሽታው ሲመለስ እዚያው ነበሩ። ከዚያ ወረርሽኝ በዳነ ሰው ደም ላይ ተመሥርቶ የተሠራው መድኃኒት በ2020 በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ጸድቋል። ከኮንጎ የሚወሰድ የደም ናሙና ኮንጎ ውስጥ እንዲቀር የወሰኑትም እሳቸው ናቸው። ለምን እንደወሰኑ ማስረዳት ያስፈልጋል? ከሞንጋላ ሙጫው ወጣ፣ ከያምቡኩ ደሙ ወጣ፣ ከለግባላ ስሙ ወጣ።

ማርቡርግ እና ጂንካ

«ማርቡርግም እኮ የቦታ ስም ነው፤ ማንም አላለቀሰም» የሚል አለ። ጥሩ፣ ማርቡርግን እንውሰድ።

በ1967 በጀርመን ማርቡርግና ፍራንክፈርት፣ እንዲሁም በቤልግሬድ፣ ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች የሚሠሩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ታመሙ። 31 ሰው ታመመ፣ 7 ሞተ። ቫይረሱ «ማርቡርግ» ተባለ። ከተማዋ ምን ሆነች? ምንም። ከ1527 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አላት፣ ተረት የሰበሰቡት ወንድማማቾች ግሪም የተማሩባት ናት። ማርቡርግ ብዙ ታሪኮች ነበሯት፤ በሽታው አንዱ ሆኖ ገባ። ለግባላ ግን በዓለም ጆሮ ምንም ታሪክ አልነበረውም። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ታሪኩ ሞት ሆነ። አንድ ዓይነት መለያ ሁለት ቦታ ብትለጥፍ እኩል አያቆስልም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ይሄው የማርቡርግ ቫይረስ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጂንካ ላይ መገኘቱ ተረጋገጠ። ለአንድ ደቂቃ እናስብ፦ ቫይረሱ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ቢሆንስ? የ1976ቱ ዓይነት ቡድን መጥቶ፣ «ጂንካን እናዝንላት፣ በወንዝ እንሰይመው» ቢልና ግድግዳ ላይ ትንሽ ካርታ ቢያይስ? በጂንካ በኩል የሚያልፈው ኔሪ ነው፤ ትንሽ ካርታ ላይ አይታይም። የሚታየው ኦሞ ነው። እና ዛሬ ዓለም በሙሉ «ኦሞ» ሲባል ደም የሚያስታውክ በሽታ ይታየው ነበር። በኦሞ ስም የወጣ ሙዚቃ፣ ቡና፣ ፎቶ፣ በኦሞ ዳር የሚኖር ሐመር፣ ካሮ፣ ዳሰነች፣ ሁሉም «አይ፣ እሱ አይደለም» እያለ ይኖር ነበር።

ቀልድ ይመስላል? እኛ እኮ በስም መበላሸት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ የተወለድን ነን፣ ግን አገራችንን ስንጠራ ከወዲያ የሚመጣውን ፊት እናውቀዋለን። አንድ ክፉ ዓመት አንድን አገር ለአርባ ዓመት እንዴት እንደሚተረጉመው ለኛ ማስረጃ አያስፈልገንም። ያንን የሚያውቅ ሰው፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ሲሰዳደብ «ኢቦላ» እያለ የሰው ወንዝ ለስድብ መጠቀሙ ነው የሚገርመኝ።

ዋጋው ደግሞ እውነተኛ ነው። በ2014 በሽታው በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ሲነሳ ሞሮኮ የ2015ቱን የአፍሪካ ዋንጫ አላዘጋጅም አለች፤ ውድድሩ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደ። ወረርሽኙ ካለበት በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚርቁት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሳይቀሩ ጎብኚ ቀረባቸው። አዎ፣ ሰው የፈራው ስሙን ብቻ አልነበረም፤ ከ11,000 በላይ ሰው የገደለ ወረርሽኝ ነው። ግን «አፍሪካ» እና «በሽታ» አንድ ቃል የሆኑት እንዲህ ባሉ ስሞች ድግግሞሽ ነው።

«አሁን መቀየር አይቻልም»

ይቻላል። ተደርጓልም።

ኤድስ መጀመሪያ ሲታወቅ ግብረ ሰዶማውያንን ብቻ የሚጠቁም ስም ነበረው፤ በ1982 ተቀየረ። በ1993 በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ አዲስ የሃንታ ቫይረስ ተገኝቶ በአካባቢው ስም ሊጠራ ሲል ናቫሆዎችና ሌሎች ነዋሪዎች እምቢ አሉ። ሌላ ቦታ ተፈለገ፤ እሱም ተቃውሞ ገጠመው። መጨረሻ ላይ በስፓኒሽ «ስም የለሽ» ተባለ። ልብ በሉ፤ ተቃውሞ የሚሰማበት አገር ሲሆን ቫይረሱ ስም የለሽ ሆኖ መኖር ይችላል።

በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ በሽታ በቦታ፣ በሰው፣ በእንስሳ ስም እንዳይጠራ መመሪያ አወጣ። ኮቪድ 19 ውሃን ተብሎ ያልተሰየመው በዚህ ነው። በ2022 ደግሞ በኛው ሰው በዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም በሚመራው ድርጅት «መንኪፖክስ» ወደ «ኤምፖክስ» ተለወጠ። «የኮንጎ ተፋሰስ ዝርያ» ይባል የነበረውም «ዝርያ 1» ሆነ። ያ ስም ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ነበር። አሮጌው ስም ለአንድ ዓመት ከአዲሱ ጎን እንዲሄድ ተደረገ፣ ከዚያ ተወ። እኛ ሶፍትዌር ላይ በየቀኑ የምናደርገው ነው፦ አዲሱን ስም ታስገባለህ፣ አሮጌው ለጊዜው ወደ አዲሱ እንዲመራ ታደርጋለህ፣ ቀን ቆርጠህ ታነሳዋለህ። በ2020 ጊትሀብ የአዳዲስ ፕሮጀክቶችን ዋና ቅርንጫፍ ስም ከ«ማስተር» ወደ «ሜይን» ሲቀይር ዓለም አልፈረሰም።

የቫይረስ ስያሜ ሊቃውንት ራሳቸው በ2023 የዚህን ቫይረስ የዝርያ ስም ቀይረዋል። ግን ምን አደረጉ? ስሙን ወደ ላቲን መሰል ቅርጽ አዙረው «ኦርቶኢቦላቫይረስ ዛይረንሴ» አሉት። «ኢቦላ»ም «ዛየር»ም እዚያው ናቸው። ዛየር የሚባል አገር ከ1997 ወዲህ የለም። ቃሉ ራሱ ደግሞ ፖርቱጋሎች የኮንጎን ወንዝ የኪኮንጎ መጠሪያ ሲያጣምሙ የወጣ ነው። ስለዚህ አንድ ቫይረስ ሁለት ወንዝ ተሸክሟል፣ ሁለቱም ስሞች የተጣመሙ። ሊቃውንቱ እጃቸውን ፋይሉ ላይ አድርገው፣ ከፍተው፣ አርመው፣ ያንኑ ስሕተት መልሰው አስቀመጡት። «አይቻልም» ከሚለው ይልቅ «አላሰብንበትም» የሚለው እውነት ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ሰዎቹ ሐሳባቸው ቀና ነበር» የሚል ነው። እሱንማ እቀበላለሁ። ያምቡኩን ሊያድኑ ነው የፈለጉት፤ ጥሩ። ግን ወንዝን የመረጡት ወንዝ አይጎዳም ብለው ነው፤ ከወንዙ ዳር ሰው እንዳለ በዚያች ትንሽ ካርታ ላይ አልተጻፈም ነበር። ቀናነት ስሕተትን ይቅር ያሰኛል እንጂ ለዘላለም አያስቀጥለውም።

ሦስተኛው ደግሞ ከጓደኞቼ የምሰማው ነው፦ «እዚያ ያለው ሰው መንገድ የለውም፣ መድኃኒት የለውም፤ አንተ ስም ትላለህ?» አዎ እላለሁ። ምክንያቱም ሁለቱ አይጣሉም። «በሽታው የደኑ ነው» ብሎ የሚያምን ዓለም ወደዚያ የሚልከው መከላከያ ልብስ ለብሶ ገብቶ የሚወጣ ቡድን ነው። «በሽታው የ5 መርፌ ነው» ብሎ የሚያምን ዓለም ግን መርፌ፣ ጓንት፣ ነርስ፣ ደሞዝ ይልካል። ከ2018 እስከ 2020 በሰሜን ኪቩና በኢቱሪ 3,470 ሰው ታሞ 2,287 ሲሞት፣ ክትባት እያለ እንኳ ሥራው የከበደው ሕዝቡ ከወረርሽኝ ጋር ብቻ መጥቶ ከወረርሽኝ ጋር የሚሄደውን እንግዳ ባለማመኑም ጭምር ነው። ስም ይሄን እምነት ብቻውን አይሠራውም። ሲያፈርሰው ግን አይተናል።

እና ምን ይደረግ?

ከዓለም ጤና ድርጅትና ከቫይረስ ስያሜ ኮሚቴው የሚፈለገው ግልጽ ነው፦ ለኤምፖክስ ያደረጉትን ለዚህም ያድርጉ፤ ሲያደርጉም ከወንዙ ዳር ያሉትን ሰዎችና ኮንጎአዊ ተመራማሪዎችን ይጠይቁ። ኮንጎአውያን «ስሙን ለምደነዋል፣ ይቅር» ካሉም ውሳኔው የእነሱ ነው። እስካሁን የጎደለው ጥያቄው ራሱ ነው።

እኛ በአማርኛ የምንጽፈው ደግሞ ጄኔቫን መጠበቅ የለብንም። ስለ በሽታው ዜና ስትሠሩ ስሙ የወንዝ ስም መሆኑን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። የመርፌውን ታሪክ ጨምሩ። ሙየምቤን በስማቸው ጥሩ። ለስድብ አትጠቀሙበት፤ የተጠቀመ ካለ አርሙት። በውክፔዲያ የአማርኛ ገጽ ላይ እጃችሁ ያለ፣ ስለ ለግባላ አንድ ገጽ ክፈቱና መጀመሪያው መስመር ላይ ስለ ቫይረስ ሳይሆን ስለ ወንዝ ጻፉ፦ ለግባላ በሰሜን ኮንጎ የሚገኝ፣ ወደ ሞንጋላ የሚፈስ፣ ስሙ በንግባንዲ «ነጭ ውሃ» ማለት የሆነ ወንዝ ነው።